14 ነጥብ በአንድ ጨዋታ ስንት ያወጣል? የሼፊልድ ዩናይትድና የሰንደርላንድ ፍጻሜ ግምት፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 24 ቀን 2025፣ ሼፊልድ ዩናይትድና ሰንደርላንድ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የምታስገባውን የመጨረሻ ቦታ ለመውሰድ ለንደን በሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየም ተገናኙ። እዚህ የምመዘግበው አንድ የአማርኛ ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ለዚያ ጨዋታ ያሰናዳው ቅድመ ጨዋታ ዳሰሳ እንዴት እንደተጻፈ፣ ለምን እንደፈረሰና እንደገና እንደተሠራ፣ በመጨረሻም ምን ተብሎ እንደተላለፈ ነው። ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ አንድ ወጣት፣ የዝግጅቱ አርታኢ የሆኑ አንጋፋ ጋዜጠኛ፣ እና ቁጥሩን እንድሠራ የተጠራሁት እኔ። የጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

ጉዳዩ ሊመዘገብ ይገባዋል የምልበት ምክንያት አለኝ። በእኛ ዘንድ ቅድመ ጨዋታ ዳሰሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከደረጃ ሰንጠረዡና ከመጨረሻዎቹ አምስት ጨዋታዎች ውጤት። በዚህ ፍጻሜ ሁለቱም ወደ አንድ ቡድን ጠቆሙ። ሁለቱም ጠጋ ብለው ሲመረመሩ ግን የያዙት መረጃ ከሚመስለው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ዳራ

ሻምፒዮንሺፕ የእንግሊዝ ሁለተኛው እርከን ነው። 24 ክለቦች እያንዳንዳቸው 46 ጨዋታ ያደርጋሉ። በ2024/25 የውድድር ዓመት አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ሲያድጉ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት አራት ክለቦች ፕሌይኦፍ ገቡ። ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ደርሶ መልስ ተጫወቱ፤ አሸናፊዎቹ ዌምብሌይ ላይ በአንድ ጨዋታ ተለያዩ። ለአሸናፊው የሚያስገኘው ገቢ ቢያንስ 200 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ይገመታል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል ገንዘብ የሚወሰንበት ሌላ የእግር ኳስ ጨዋታ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያ ዓመት ሊድስና በርንሌይ እኩል 100 ነጥብ ሰብስበው አደጉ። በርንሌይ በ46 ጨዋታ የተቆጠረበት 16 ጎል ብቻ ነበር። ሼፊልድ ዩናይትድ በ90 ነጥብ ሦስተኛ ሆነ። ሜዳ ላይ ያገኘው 92 ሲሆን ቀደም ባለው ዘመን ለሌሎች ክለቦች መክፈል የነበረበትን የዝውውር ገንዘብ በማዘግየቱ 2 ነጥብ ተቀንሶበታል። ሰንደርላንድ በ76 ነጥብ አራተኛ፣ ኮቨንትሪ ሲቲ በ69 አምስተኛ፣ ብሪስቶል ሲቲ በ68 ስድስተኛ ሆኑ።

በግማሽ ፍጻሜው ሼፊልድ ብሪስቶል ሲቲን ሜዳው ድረስ ሄዶ 3 ለ 0፣ በራሱ ሜዳ ብራማል ሌን ላይ ደግሞ እንደገና 3 ለ 0 አሸነፈ። ሰንደርላንድ ከኮቨንትሪ ጋር የነበረው ፍልሚያ ከዚህ በጣም የከበደ ነበር። ከሜዳው ውጪ 2 ለ 1 አሸንፎ ተመለሰና በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ተመርቶ ወደ ጭማሪ ሰዓት ገባ። ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሊያመራ ሲል ተከላካዩ ዳን ባላርድ በ122ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት የተሻማን ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ። ሰንደርላንድ በድምር 3 ለ 2 አለፈ።

የመጀመሪያው ረቂቅና ችግሩ

ወጣቱ አዘጋጅ ከፍጻሜው በፊት ያቀረበው ረቂቅ በቋንቋው ጥሩ ነበር፤ ለጆሮ ይጥማል፣ ስሞቹም በትክክል ተጽፈዋል። ድምዳሜው ግን «የሼፊልድ ዩናይትድ ማደግ ጥርጥር የለውም» የሚል ነበር። ለዚህ ያቀረባቸው ማስረጃዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የ14 ነጥብ ልዩነት አለ። ሁለተኛ፣ ሰንደርላንድ የመጨረሻዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፏል፤ ሼፊልድ በአንጻሩ ግማሽ ፍጻሜውን በድምር 6 ለ 0 ጨርሷል። ሦስተኛ፣ የሼፊልድ አሰልጣኝ ክሪስ ዋይልደር ሊጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሲሆኑ የሰንደርላንዱ ሬጂስ ለ ብሪ በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዓመታቸው ነው።

ረቂቁ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ነበረው። የሰንደርላንዱ ወጣት የመስመር ተጫዋች ቶም ዋትሰን ከፍጻሜው በፊት ወደ ብራይተን ለመሄድ ተስማምቷል፤ ስለዚህ «ልቡ ከቡድኑ ጋር አይደለም» ይላል።

አርታኢው ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ዓይነት ሁኔታ መቶ ጊዜ ቢጫወቱ ሼፊልድ ስንቱን ያሸንፋል?»

«ሰማንያውን።»

«ሰማንያ ከየት መጣ?»

«ጋሼ፣ 14 ነጥብ እኮ ነው!»

የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ምልልስ ውስጥ ነው። ወጣቱ ሼፊልድ የተሻለ ቡድን መሆኑን በትክክል አይቷል። በ46 ጨዋታ የታየን ብልጫ ወደ አንድ ጨዋታ ዕድል እንዴት እንደሚቀይረው ግን መለኪያ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለስሜቱ የቀረበውን ቁጥር ሰጠ። አርታኢው ጽሑፉን ለእኔ አሳልፈው ሰጡና «ይህ 14 ነጥብ በአንድ ጨዋታ ስንት እንደሚያወጣ ንገሩን» አሉ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*ነጥቡን ወደ ጎል መመለስ።* 14 ነጥብ ለ46 ጨዋታ ሲካፈል በአንድ ጨዋታ 0.3 ነጥብ ይሆናል። ይህ ብቻውን የብልጫውን መጠን ያሳንሰዋል። ከዚህ በላይ የሚናገረው ግን የጎሉ መዝገብ ነው። ሼፊልድ 63 አስቆጥሮ 36 ተቆጠረበት፤ የጎል ልዩነቱ 27 ነው። ሰንደርላንድ 58 አስቆጥሮ 44 ተቆጠረበት፤ ልዩነቱ 14 ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ሁለቱን ቡድኖች የለያያቸው በ13 ጎል ብቻ ነው። ሼፊልድ 28 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ የጎል ልዩነቱ 27 ላይ መቆሙ ብዙዎቹን ድሎች በጠባብ ውጤት እንዳገኛቸው ይነግረናል። ከእሱ በላይ ከነበሩት ጋር ሲተያይ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል፤ የሊድስ የጎል ልዩነት 65፣ የበርንሌይ 53 ነበር። በነጥብ ሼፊልድ ለሊድስና ለበርንሌይ ይቀርባል፤ በጎል ልዩነት ግን ይበልጥ የሚቀርበው ለሰንደርላንድ ነው።

አንድ ለ ዜሮ ማሸነፍ ችሎታ ነው፤ ይህን አልክድም። በጠባብ ውጤት የሚገኝ ድል ግን ከዓመት ዓመት እንደ ሰፊ ድል አይደጋገምም። ግምት ለሚሠራ ሰው ደግሞ የጎል ልዩነት ከነጥብ የተሻለ መረጃ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

*ስሌቱ።* ከዚህ በኋላ ማንም ሰው በእጅ ስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው የሚችለውን ቀላል ስሌት ሠራን። ሼፊልድ በአማካይ በጨዋታ 1.37 ያስቆጥራል፤ በሰንደርላንድ ላይ በአማካይ 0.96 ይቆጠርበታል። የሁለቱ መካከለኛ 1.16 ነው። ሰንደርላንድ በአማካይ 1.26 ያስቆጥራል፤ በሼፊልድ ላይ 0.78 ይቆጠርበታል። መካከለኛው 1.02 ነው። ዌምብሌይ ለሁለቱም ባዕድ ሜዳ ስለሆነ ለባለሜዳ የሚጨመር ነገር የለም። እነዚህ ሁለት አማካዮች ፖይሰን በሚባለው ቀመር ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ ውጤት የሚኖረው ዕድል ይወጣል።

የወጣው ይህ ነው፦ በ90 ደቂቃ ሼፊልድ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 39፣ አቻ 29፣ ሰንደርላንድ 32። የአቻውን ድርሻ ለጭማሪ ሰዓትና ለመለያ ምት እኩል ብንከፍለው ሼፊልድ 54፣ ሰንደርላንድ 46 ገደማ ይሆናል። ወጣቱ ሰማንያ ያለው ቡድን ሃምሳ አራት ሆነ።

ይህ ቀመር ጉዳትን፣ ቅያሪን፣ የጨዋታ ዘይቤን አያውቅም። እንደ መነሻ ካየነው ግን ዋጋው ትልቅ ነው። ከ54 ተነስቶ 80 ለመድረስ የሚፈልግ ሰው የቀረውን 26 በምን እንደሚሞላው ማስረዳት ይኖርበታል። ከዚህ በኋላ የረቂቁን ማስረጃዎች አንድ በአንድ ያየናቸው በዚህ ዓይን ነው።

*አምስቱ ሽንፈቶች።* ሰንደርላንድ በተከታታይ አምስት ጊዜ መሸነፉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አምስቱን ሁሉ ተሸንፎም በመጨረሻ ከኮቨንትሪ በ7 ነጥብ ርቆ አራተኛ ሆነ። ይህ ማለት እነዚያ ጨዋታዎች ሲደረጉ ከሦስተኛነት በጣም ርቆ፣ ለአምስተኛነትም ሳይሰጋ፣ ቦታው ከሞላ ጎደል ታውቆ ነበር። አሰልጣኙም ተጫዋቾችን እያፈራረቁ ያሳርፉ ነበር። ምንም የሚወስኑት ነገር ከሌላቸው አምስት ጨዋታዎች ተነስቶ የቡድንን አቋም መለካት አይቻልም። ሻምፒዮንሺፕ በሳምንቱ መጨረሻም በሳምንቱ አጋማሽም የሚጫወቱበት አድካሚ ሊግ ስለሆነ ቦታው የተረጋገጠለት ቡድን ሚያዝያ ላይ እግሩን ማሳረፉ የሚጠበቅ ነው።

ረቂቁ ያላነሳው ሌላ ነገርም ነበር። ሼፊልድ ራሱ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በኦክስፎርድ፣ በሚልዎልና ኋላ ላይ በወረደው ፕላይማውዝ በተከታታይ ተሸንፏል። እነዚህ ሽንፈቶች ከሰንደርላንድ አምስቱ ይከብዳሉ፤ ምክንያቱም የደረሱት ቡድኑ በቀጥታ ለማደግ በሚፋለምበት ሰዓት ነበር።

*6 ለ 0።* የመጀመሪያው ጨዋታ መዝገብ ሲታይ የብሪስቶል ሲቲው ተከላካይ ሮብ ዲኪ ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ የመጀመሪያውም ጎል በዚሁ ምክንያት ከተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት የመጣ ነው። ሼፊልድ ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ አጋማሽ ከአሥር ሰው ጋር ተጫወተ። በመልሱ ጨዋታ ደግሞ ተጋጣሚው በ3 ጎል ተመርቶ የመጣ ቡድን ነበር። ስለዚህ ድሉ እውነተኛ ቢሆንም የሰፋበት መጠን ከፊሉ በቀይ ካርዱ የመጣ ነው። በሊጉ የእርስ በርስ ግንኙነታቸው ያሳየው ደግሞ ሌላ ነበር፤ ሼፊልድ በሜዳው 1 ለ 0፣ ሰንደርላንድም በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ዕለት በሜዳው 2 ለ 1 አሸንፈዋል። ሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ አንድ ጎል ነው።

*«እርግማኑ»።* በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፤ በሦስታችን መካከል ረጅሙ ክርክር የተነሳው በእሱ ነውና። ወጣቱ 80 የሚለው ቁጥር እንደማይቆም ከተቀበለ በኋላ በተቃራኒው ተነስቶ ሌላ አንቀጽ ጻፈ። ሼፊልድ ዩናይትድ በፕሌይኦፍ አንድም ጊዜ አድጎ አያውቅም። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1997 በክሪስታል ፓላስ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል፣ በ2003 በወልቭስ 3 ለ 0፣ በ2009 በበርንሌይ 1 ለ 0 በፍጻሜ ተሸንፏል፤ በ2012 ደግሞ በሦስተኛው እርከን ፍጻሜ በሀደርስፊልድ በመለያ ምት ወድቋል። ወጣቱ ከዚህ ተነስቶ «ታሪክ ከሼፊልድ ጋር አይደለም» ብሎ ግምቱን ወደ ሰንደርላንድ ሊገለብጠው ፈለገ።

ታሪኩ እውነት ነው፤ አድማጭም ሊሰማው ይገባል። ለግምቱ ግን ምንም አይጨምርም። በ1997 የተሸነፉት ተጫዋቾች ዛሬ ሜዳ ላይ የሉም። አርታኢው ታሪኩ ለብቻው እንዲነገር፣ ከዕድሉ ቁጥር ጋር እንዳይያያዝ ወሰኑ። እኔ እስከማየው ድረስ ከውሳኔዎቹ ሁሉ ጥሩው ይህ ነበር። ጣዕም የሚሰጥ ታሪክና ግምትን የሚያንቀሳቅስ መረጃ አንድ አንቀጽ ውስጥ ሲቀመጡ አድማጩ መለየት አይችልም፤ ብዙ ጊዜም ጸሐፊው ራሱ አይለያቸውም።

*ዋትሰን።* «ልቡ ከቡድኑ ጋር አይደለም» የሚለው አረፍተ ነገር ተሰረዘ። የተሰረዘው ልጁ በጨዋታው ምን እንደሚያደርግ ስላወቅን አይደለም፤ ማንም አላወቀም። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን እንደ መረጃ አድርጎ ማቅረብ ስለማይገባ ነው። የተተካው «ከብራይተን ጋር ተስማምቷል፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊሆን ይችላል» በሚለው ነው።

የተላለፈው ግምት

የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ሼፊልድ ዩናይትድ ጥቂት የተሻለ ዕድል አለው፤ ከመቶ 55 ለ 45። ጨዋታው በአንድ ጎል ወይም በጭማሪ ሰዓት የሚለይ ይመስላል። የሼፊልድ ዋና ኃይል የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የተመረጠው ጉስታቮ ሀመር ነው። ሰንደርላንድ በሁለቱም የኮቨንትሪ ጨዋታዎች ወሳኙን ጎል ያገኘው መጨረሻ ላይ፣ በ88ኛውና በ122ኛው ደቂቃ ስለሆነ እስከ 70ኛው ደቂቃ በአንድ ጎል ብቻ ቢመራ ተስፋ አይቆረጥበትም። ከቆመ ኳስ፣ በተለይ ከማዕዘን ምት፣ ጎል ሊመጣ ይችላል።

ከስርጭቱ በኋላ የደወለ አንድ አድማጭ ተቆጥቶ ነበር። «ሁለቱንም ካላችሁ ምኑን ገመታችሁት?» አለ። ቁጣው ይገባኛል። ለዝግጅቱ ከሚደውሉት ብዙዎቹ የውርርድ ቲኬት የሚቆርጡ ናቸው፤ የሚፈልጉትም «ስንት ለስንት ያልቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። አርታኢው የመለሱለት በትህትናና በግልጽ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ከዚህ የበለጠ አውቃለሁ የሚልህ ሰው ካለ ገንዘብህን ጠብቅ።»

ጨዋታው

ገና ከመጀመሪያው የሰንደርላንዱ ተከላካይ ሉክ ኦናይን ትከሻውን ተጎድቶ ወጣ፤ ክሪስ ሜፋም ገባ። ግብ ጠባቂው አንቶኒ ፓተርሰን የኪፈር ሙርን የጭንቅላት ኳስ አዳነ። በ25ኛው ደቂቃ ታይሪስ ካምፕቤል ከሀመር የደረሰችውን ኳስ በፓተርሰን ላይ ከፍ አድርጎ አስቆጠረና ሼፊልድ መራ።

ከዚያ ሃሪሰን በሮውስ ሁለተኛውን አስቆጠረ፤ የሼፊልድ ደጋፊ ጨፈረ። ዳኛው ግን በቫር (በቪዲዮ በሚታገዘው ዳኝነት) ተጠርተው ምስሉን ካዩ በኋላ ጎሉን ሻሩት። ቪኒሲየስ ሱዛ ከጨዋታ ውጪ በሆነ ቦታ ቆሞ የግብ ጠባቂውን እይታ ጋርዷል ተባለ። 2 ለ 0 መሆኑ ቀርቶ 1 ለ 0 ቀጠለ።

በ76ኛው ደቂቃ ፓትሪክ ሮበርትስ ያቀበለውን ኳስ ኤሊኤዘር ማየንዳ በኃይል መትቶ አቻ አደረገ። በባከነ ሰዓት፣ 95ኛው ደቂቃ ላይ፣ የሼፊልድ ተጫዋቾች የተበላሸ ኳስ ሰጡ። ተቀይሮ የገባው ቶም ዋትሰን ነጠቀና ከሳጥኑ ጠርዝ አካባቢ ዝቅ ባለ ምት አስቆጠረ። 2 ለ 1። ሰንደርላንድ ከአውሮፓውያኑ 2017 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ፤ ዋትሰንም ለልጅነት ክለቡ በዚህ ጎል ተሰናበተ።

የሠራውና ያልሠራው

በአንድ ጎል እንደሚለይ የተባለው ሆነ። እስከ 70ኛው ደቂቃ በአንድ ጎል ቢመራ ሰንደርላንድን እንዳይተዉት የተባለውም ሆነ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ለአድማጩ የጠቀመው ይህ አረፍተ ነገር ይመስለኛል። ጨዋታውን የሚያይ ሰው በ70ኛው ደቂቃ ምን እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር። ሀመርም እንደተባለው የሼፊልድን ጎል አዘጋጀ።

ከቆመ ኳስ ጎል ይመጣል የተባለው ግን አልሆነም። የጸደቁት ሦስቱም ጎሎች የመጡት ኳስ በእንቅስቃሴ ላይ እያለች ነው። የባላርድ የ122ኛው ደቂቃ ጎል ገና በሁሉም ዓይን ላይ ስለነበር የማዕዘን ምት ከሚገባው በላይ ቦታ አገኘ። ስለ ሰንደርላንድ የኋላ መስመር የተጻፈው አንቀጽም ኦናይን ሲወጣ ዋጋ አጣ።

ትልቁ ክፍተት ቫር ነው። በዚያ ዓመት የሻምፒዮንሺፕ ሊግ ጨዋታዎች ያለ ቫር ነው የተካሄዱት፤ በፍጻሜው ግን አገልግሎት ላይ ዋለ። በ46 ጨዋታዎች ሁሉ የሜዳ ዳኛ ብቻ የወሰነላቸው ቡድኖች በዓመቱ ትልቁ ጨዋታ በሌላ አሠራር ገቡ። ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረውም። ቀድሞ የታወቀ፣ ለመጻፍ አንድ አረፍተ ነገር የሚበቃው፣ የጨዋታውንም መልክ የቀየረ ነገር ነበር። በርግጥ ለማን እንደሚጠቅም አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ሊቆጠር የሚችል ጎል ሊሻር እንደሚችል መናገር ግን ይቻል ነበር።

የዕድሉ ቁጥርስ? ግምትን ለመመዘን ቀላል መንገድ አለ፤ ለተሸነፈው ቡድን የተሰጠውን ዕድል በራሱ ማባዛት። ትንሽ ቁጥር የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ 0.8 ሰጥቶ ነበርና 0.64 ይወጣል። የተላለፈው 0.55 ነበርና 0.30 ይወጣል። ሳንቲም የሚወረውር ሰው 0.25 ያገኝ ነበር። ወጣቱ ይህን ሲያይ «እንግዲያው ሳንቲም በለጠን» አለ። በዚህ ጨዋታ አዎ። ሼፊልድ አሸንፎ ቢሆን ግን የመጀመሪያው ረቂቅ 0.04፣ የተላለፈው 0.20 አግኝተው ድፍረቱ እንደ ጥበብ ይቆጠርለት ነበር። አንድ ጨዋታ ግምትን አይፈርድም። የተላለፈውን ጽሑፍ ጥሩ የሚያሰኘው የዋትሰን ጎል አይደለም፤ በሮውስ ያስቆጠረው ጸድቆ ሼፊልድ አድጎ ቢሆንም 55 ለ 45 ትክክለኛ ግምት ይሆን ነበር፤ 80 ደግሞ ያን ጊዜም ከመጠን በላይ ነበር።

ለሌሎች ጨዋታዎች የሚተርፈው

ይህን ዓይነት ዳሰሳ የሚጽፍ ሰው ከቃላት በፊት ቁጥር ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። «ጥርጥር የለውም»፣ «ሰፊ ዕድል አለው»፣ «ያይላል» የሚሉት አነጋገሮች ለጸሐፊው አንድ ነገር፣ ለሰሚው ሌላ ነገር ናቸው። ከመቶ ስንት ብሎ ራሱን የጠየቀ ጸሐፊ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚሸከም ወዲያው ይታየዋል። በአየር ላይ ቁጥሩን ባይናገረው እንኳ ቃላቱን በልኩ ይመርጣል።

የመጨረሻዎቹ አምስት ውጤቶች ሲጠቀሱ ቡድኑ በእነዚያ ጨዋታዎች የሚፈልገው ነገር ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። በሻምፒዮንሺፕ ይህ ከሌሎች ሊጎች የበለጠ ይሠራል፤ 46 ጨዋታ ረጅም ነው፣ የሚያዝያ ወር አሰላለፍም ብዙ ጊዜ የጥቅምቱን አይመስልም። ውጤቱን ከመቁጠር በፊት አሰላለፉን መመልከት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በቀይ ካርድ የሰፋን ድል ለይቶ ማየትም እንዲሁ።

በነጥብና በጎል ልዩነት መካከል ክፍተት ካለ እዚያ ላይ መቆም ያዋጣል። በጠባብ ውጤት ብዙ ያሸነፈ ቡድን ሰንጠረዡ ከሚያሳየው ይልቅ ለተጋጣሚው የቀረበ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎል የተሸነፈ ቡድን ደረጃው ከሚናገረው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የፍጻሜ ወይም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ደንቡን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቫር አለ ወይ፣ አቻ ከሆነ ምን ይከተላል፣ ሜዳው የማን ነው።

ትክክለኛውን ውጤት ስለመገመት አንድ ነገር ልበል፤ ገንዘብ የሚያስይዙ አንባቢዎች ስላሉ። በሠራነው ስሌት ከውጤቶች ሁሉ ከፍተኛ ዕድል የነበረው 1 ለ 1 ሲሆን እሱም ከመቶ 13 ብቻ ነበር። የሆነው፣ ሰንደርላንድ 2 ለ 1፣ ከመቶ 7 ነበር። በጣም ሊሆን ይችላል የተባለው ውጤት እንኳ ከመቶ 87 ጊዜ አይሆንም ማለት ነው። አምስት ጨዋታ በአንድ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው እያንዳንዱን በ60 ከመቶ እርግጠኝነት ቢመርጥ እንኳ አምስቱም የሚሰምሩለት ከመቶ 8 ጊዜ አይሞላም። ይህን ሂሳብ ለወጣቶች የሚነግራቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለ እግር ኳስ በአየር ላይ የሚናገር ሁሉ ሊነግራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዝግጅቱ ከዚያ ፍጻሜ ወዲህ የግምት መዝገብ ይዟል። ወጣቱ አዘጋጅ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ቁጥሩን፣ ዋና ምክንያቱንና ግምቱን ሊለውጥ የሚችለውን አንድ ነገር ይጽፋል፤ ከጨዋታው በኋላ ውጤቱን ጎኑ ያሰፍራል፣ የቀድሞውን ግን አይነካም። ዓላማው 60 ከመቶ ተብለው ከተመዘገቡት ጨዋታዎች በእርግጥ ስድሳ ከመቶ ያህሉ መሳካታቸውን ማየት ነው። እስካሁን የተሰበሰበው ለመፍረድ አይበቃም፤ መቶ ያህል ሲሞላ ሦስታችንም ተቀምጠን እንመረምረዋለን።